ከጥናት እስከ ቦይ፦ የፎገራ መስኖ ረጅም መንገድ

ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ያለው የፎገራ ሜዳ በክረምት ውሃ ይበዛበታል፣ በበጋ ውሃ ይጠፋበታል። ከጉና ተራራ የሚነሡት የርብና የጉማራ ወንዞች፣ አንዱ ከወረታ ከተማ በስተሰሜን ሌላው በስተደቡብ ሜዳውን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚወርድ በነሐሴ ወንዞቹ ከዳርቻቸው ወጥተው ሜዳውን ያለብሱታል፤ በመጋቢት ደግሞ እነዚያው ወንዞች ከብት የሚሻገራቸው ጠባብ ጅረቶች ይሆናሉ። የአካባቢው ገበሬ ኑሮ በእነዚህ ሁለት ወራት መካከል የተያዘ ነው። የፎገራ መስኖ ታሪክም የክረምቱን ውሃ ለበጋው ለማቆየት የተደረገ የረጅም ጊዜ ጥረት ታሪክ ነው።

ይህ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ከርብ ግድብ ነው። መዛግብቱን በቅደም ተከተል ለሚያነብ ግን ግድቡ መነሻም መድረሻም አይደለም። በሜዳው ላይ ሁለት ታሪኮች ጎን ለጎን ሲጓዙ ኖረዋል። አንዱ በመንግሥት ጥናትና ውል የተጻፈው ነው፤ ሌላው ገበሬው በራሱ እጅ፣ በራሱ ማሳ ላይ የሠራው ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ሁለቱ የት ላይ እንደተገናኙ፣ የት ላይስ እንደተላለፉ ማየት ነው።

ባሕር ሸሽና የውሃ አባት

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ከጎንደር ተነሥቶ በእንፍራዝ በኩል ወደ ደቡብ ሲወርድ ርብንና ጉማራን ተሻግሮ ነበር። ለእርሱ እነዚህ ወንዞች ወደ ዓባይ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉ መሻገሪያዎች ናቸው። ለአካባቢው ሰው ግን የሜዳውን አኗኗር የሚወስኑት እነርሱ ነበሩ። ክረምት ላይ ከብቱ ወደ ዳገቱ ይወጣል፤ ውሃው ሲሸሽ ወደ ለመለመው ሣር ይመለሳል። ረግረግን ተቋቁሞ በወተት የታወቀው የፎገራ ከብት ዝርያ የዚህ ዓመታዊ ዑደት ውጤት ነው።

እርሻውም የሚከተለው ውሃውን ነበር። ጣና ወደ ኋላ ሲል የሚገለጠውን መሬት ሰው «ባሕር ሸሽ» ይለዋል። ጥቁሩ የዋልካ አፈር እርጥበቱን ለወራት ስለሚይዝ በመስከረምና በጥቅምት ጓያና ሽምብራ ይዘራበታል፤ አዝመራው ዝናብ ሳይጠብቅ ይደርሳል። ይህ ቦይ የሌለው፣ ነገር ግን ውሃን በጊዜው አውቆ መጠቀም የሆነ የእርሻ ስልት ነው። በከፍታው ግርጌ ደግሞ ገበሬዎች ትናንሽ ጅረቶችን በድንጋይ፣ በእንጨትና በጭቃ ጠልፈው በቦይ ያወርዳሉ። ጠለፋው በየክረምቱ ይፈርሳል፣ በየበጋው በደቦ ይታደሳል። ተራውን የሚያከፋፍለው፣ ጠብ ሲነሣ የሚዳኘው፣ ቦይ ሳይጠርግ የቀረውን የሚቀጣው ተጠቃሚዎቹ የሚመርጡት የውሃ አባት ነው። ይህ ሥርዓት ከየትኛውም የመስኖ አዋጅ በፊት በአማራ ገጠር ነበረ፤ ዛሬም አለ።

ጣና በውጭ ሰዎች እቅድ ውስጥ

በጽሑፍ የተቀመጠው የጣና ውሃ እቅድ ግን ፎገራን ሳያይ ነው የተጀመረው። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና ብሪታንያ የተፈራረሙት የድንበር ውል፣ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ስምምነት ካልተደረሰ በስተቀር የዓባይን፣ የጣናንና የሶባትን ውሃ የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ የሚል አንቀጽ ነበረበት። የለንደን ፍላጎት ግልጽ ነው፤ ጣና ለሱዳንና ለግብፅ የጥጥ እርሻ የውሃ ማጠራቀሚያ እንዲሆን ይታሰብ ነበር። በ1920 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ ሐኪም ወርቅነህን ወደ አሜሪካ ልከው ከጄ. ጂ. ዋይት የምህንድስና ኩባንያ ጋር ሲያነጋግሩ የፈለጉት በጣና ጉዳይ የእንግሊዝን ብቸኛ ተደራዳሪነት ለመስበር ነበር። የኩባንያው ባለሙያዎች ሐይቁን ቀየሱ። የጣሊያን ወረራ ሲመጣ ጉዳዩ ተቋረጠ።

በእነዚህ ድርድሮች ሁሉ የሚነሣው የሐይቁ መውጫ ነው፤ ዓባይ ከጣና የሚለይበት ባሕር ዳር። ወደ ሐይቁ የሚገቡት ወንዞችና በዳርቻቸው የሚያርሰው ሰው በድርድሩ ማዕከል አልነበሩም። ርብና ጉማራ በመስኖ ስም የሚታሰቡበት ጊዜ ገና ነበር።

የለውጡ ምዕራፍ በነሐሴ 1949 ዓ.ም. ተከፈተ። የኢትዮጵያ መንግሥት ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ተስማምቶ የአሜሪካ የመሬት ልማት ቢሮ የዓባይን ተፋሰስ ማጥናት ጀመረ። ሥራው በሚካሄድበት ጊዜ፣ በ1952 ዓ.ም.፣ ግብፅና ሱዳን የዓባይን ውሃ ኢትዮጵያን ሳይጨምሩ ለሁለት ተከፋፈሉ። ቢሮው በ1956 ዓ.ም. ያስረከበው በ17 ቅጾች የተጠናቀረ ጥናት ነው። በዓባይ ዋና ሸለቆ ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያና የድንበር ግድብ ብሎ የዘረዘራቸው አራት ታላላቅ የኃይል ግድቦች በስፋት ይታወቃሉ፤ የሕዳሴው ግድብም የቆመው ከመጨረሻው ቦታ አቅራቢያ ነው። ለፎገራ የሚጠቅመው ግን ሌላው ክፍል ነው። ጥናቱ በጣና ዙሪያ የመገጭ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች ተገድበው ሜዳውን ቢያጠጡ እንደሚያዋጣ አመለከተ። የርብ ግድብ በስም ወደ ኢትዮጵያ የልማት መዝገብ የገባው ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ጥናቱ በመደርደሪያ ላይ ቀረ። የአብዮቱ መንግሥት በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ የመሬት ይዞታው ተለወጠ፤ ለግድቡ የሚሆን ገንዘብ ግን አልተገኘም። ርብ በስሙ ከተጻፈበት ዓመት እስከ ተገደበበት ዓመት 53 ዓመት አለፈ።

ሩዝ፦ ግድብ ያልጠበቀው መስኖ

በዚያ የመጠበቅ ዘመን ሜዳው ላይ የተፈጸመው ለውጥ ከየትኛውም ጥናት የመጣ አይደለም። በደርግ ዘመን የአምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሲደራጁ፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ ማኅበራት የሩዝ ሙከራ ጀመሩ። የተመረጠው ቦታ ትክክለኛ ነበር፤ ቀድሞም በፎገራ ረግረግ ውስጥ የዱር ሩዝ ይበቅል ነበርና። ለጤፍና ለኑግ መከራ የሆነው የተኛ ውሃ ለሩዝ ምቹ ነው።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ማኅበራቱ ፈረሱ፣ ባለሙያዎቹም ሄዱ። በብዙ ቦታ በማኅበሩ የመጣ ነገር ከማኅበሩ ጋር ጠፍቷል። በፎገራ ግን ዘሩ ከገበሬው እጅ አልወጣም። መሠረቱን ከጅግና ማኅበር ያገኘው ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ ከማሳ ወደ ማሳ፣ ከዘመድ ወደ ዘመድ ተላለፈ። ሰው ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ እንጀራ ጋገረበት፤ ጭዱን ለከብቱ መኖ አደረገው። ገበሬው ማሳውን በትናንሽ ድንበር ከፋፍሎ የዝናቡንና የጎርፉን ውሃ ያቆር ጀመር። በጎርፍ ምክንያት በክረምት ሰብል የማያበቅለው መሬት በክረምት ሰብል አበቀለ፤ ሩዙ ሲነሣ ደግሞ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራበታል።

የመንግሥት መዋቅር የደረሰው ከዚህ በኋላ ነው። የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ልማት ስትራቴጂ በ2002 ዓ.ም. ወጣ፤ በ2005 ዓ.ም. የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ማሠልጠኛ ማዕከል በፎገራ እንዲቋቋም ተወሰነ። ቅደም ተከተሉ ሊሰመርበት ይገባል፤ በሙከራ የመጣውን ዘር ያቆየውና ያስፋፋው ገበሬው ሲሆን፣ ማዕከሉ የተተከለው ገበሬው ሩዝን የሜዳው ሰብል ካደረገው በኋላ ነው።

ለውጡ ዋጋም አስከፍሏል። የሩዝ ማሳ እየሰፋ ሲሄድ የወል ግጦሹ ጠበበ። የፎገራ ከብት መሠረት የሆነው ሣር ታረሰ፤ ዝርያውም ከሌሎች እየተቀላቀለ ንጹሕ ደሙ አነሰ።

የ1998ቱ ጎርፍና የርብ ግድብ

በ1998 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ኢትዮጵያ ከባድ ጎርፍ ገጠማት። ድሬዳዋን የደቻቱ፣ ደቡብ ኦሞን የኦሞ ወንዝ ባጥለቀለቁበት በዚያው ወቅት ርብና ጉማራ ከዳርቻቸው ወጥተው ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ሸፈኑ። በጣና ዙሪያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ፤ ሰብልና ከብት ጠፋ። ጎርፉ አዲስ ነገር አልነበረም፤ መጠኑ ግን ወንዞቹ ከቀድሞው የተለወጡ መሆናቸውን አሳየ። ከጉና ዳገቶች ታጥቦ የሚመጣው ደለል በሜዳው ላይ ሲረጋ የወንዙ ወለል ከፍ ይላል፤ ወለሉ ከፍ ያለ ወንዝ ደግሞ የተለመደውን የክረምት ውሃ እንኳ መያዝ ያቅተዋል። ስለዚህ በፎገራ የሚሠራ ማንኛውም የመስኖ ሥራ ሁለት ግዴታ አለበት፤ በበጋ ውሃ ማምጣት፣ በክረምት ውሃ ማስወጣት።

የአሜሪካ ቢሮ ጥናት የጀመረው ሐሳብ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በተጠናቀቀው የዓባይ ተፋሰስ ማስተር ፕላን እንደገና ተነሥቶ ነበር። በ1999 ዓ.ም. የዓለም ባንክ የኢትዮጵያ ናይል የመስኖና የውሃ ማጠንፈፍ ፕሮጀክትን በ100 ሚሊዮን ዶላር አጸደቀ። ፕሮጀክቱ በርብና በመገጭ ዙሪያ 20,000 ሄክታር ያህል መሬት ለማልማት የታቀደ ነበር። ስሙ ራሱ ውሃ ማጠንፈፍን ከመስኖ እኩል ማስቀመጡ ከሜዳው ባሕርይ ጋር ይስማማል። ግድቡን መንግሥት በራሱ በኩል ያዘ፤ ግንባታው በ2000 ዓ.ም. ገደማ በመንግሥታዊው የውሃ ሥራዎች ኮንስትራክሽን ድርጅት ተጀመረ።

ግድቡ ከሜዳው በላይ፣ ርብ ከጉና ዳገቶች በሚወርድበት ሸለቆ ላይ ነው። ከፍታው 73 ሜትር ያህል፣ ርዝመቱ 800 ሜትር ነው፤ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ ታስቦ የተሠራ ነው። ለጥቂት ዓመታት የታቀደው ሥራ አሥር ዓመት ያህል ወስዶ በ2009 ዓ.ም. ተጠናቀቀ። ለመዘግየቱ የዲዛይን ለውጥ፣ የመሣሪያና የአቅም እጥረት፣ የካሳና የይዞታ ጉዳይ ተደራርበዋል። ውሃው የሚተኛበት ሸለቆ ባዶ ቦታ አልነበረም፤ ሰው የሚያርሰውና የሚኖርበት መሬት ነበር። በሜዳው ላይ ከሚገኘው ጥቅም ቀድሞ ዋጋውን የከፈሉት እነዚህ የላይኛው ተፋሰስ ቤተሰቦች ናቸው።

ግድቡ የሚይዘውን ውሃ ለማሳያ ያህል ለ20,000 ሄክታር ብናካፍለው ለአንድ ሄክታር 11,700 ሜትር ኩብ ይደርሳል። ከዚህ ላይ በትነት የሚሄደው፣ በግድቡ ግርጌ ለደለል የሚተወው፣ በቦይ የሚሰርገውና ለወንዙ ሕይወት የሚለቀቀው ይቀነሳል። የቀረው ለአንድ የበጋ አዝመራ ይበቃል፣ ለብክነት ግን አይተርፍም። ስለዚህ የርብ መስኖ ውጤት በክፍፍሉ የሚወሰን ነው።

ከግድብ በኋላ

ውሃው ከግድቡ ተለቆ በወንዙ ይወርዳል፤ ታች በሚሠራው መቀልበሻ ወደ ዋና ቦይ ይገባል፤ ከዋናው ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው፣ በመጨረሻም ወደ ማሳ ቦይ ይደርሳል። ከዚህ ሰንሰለት አንዱ ከጎደለ ሌላው ሁሉ ሥራ ይፈታል። በርብ የሆነው ይህ ነው። ግድቡ ሲመረቅ የመስኖ መረቡ አልደረሰም ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ግድቡ ውሃ ይዞ ሳለ አብዛኛው የሜዳው ገበሬ ቦይ ሳይደርሰው ቆይቷል። ኃላፊነቱ በ2014 ዓ.ም. ወደተቋቋመው የመስኖና ቆላማ አካባቢ ሚኒስቴር ተላለፈ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ደግሞ በገጠሩ የሚካሄድ ማንኛውንም ግንባታ ከባድ አድርጎታል።

የክልሉ ሌላ ሥራ ለንጽጽር ይረዳል። በጎጃም፣ በመርዓዊ አጠገብ ያለው የቆጋ መስኖ በአፍሪካ ልማት ባንክ ብድር ተሠርቶ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ ታቅዷል፤ ግድቡም 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል። በቆጋ ቦዮቹ ከግድቡ ጋር አብረው ስለተሠሩ ውሃው ማሳ ደርሷል፤ አካባቢውም በበጋ ስንዴ፣ በድንችና በሽንኩርት ታወቀ። ችግሩ ሌላ ቦታ ላይ ብቅ አለ። በቦዩ መጀመሪያ ያለው ገበሬ አብዝቶ ሲያጠጣ በጫፍ ያለው ውሃ ያጥረዋል፤ ቦይ ሳይጠረግ ሲቀር የተሠራው መረብ አቅሙ ይቀንሳል። ቦይ ብቻውን እንደማይበቃ፣ የሚያስተዳድረው ማኅበር የግንባታው አካል ሆኖ መታሰብ እንዳለበት ቆጋ ያስተምራል።

ሕጉ ይህን ተረድቶታል። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 በአንድ የመስኖ ክልል የሚያርሱት ሁሉ በማኅበር እንዲደራጁ፣ ጠቅላላ ጉባኤና ተመራጮች እንዲኖሯቸው፣ ክፍያ ሰብስበው ቦዩን እንዲያስጠግኑ ሥልጣንና ግዴታ ሰጥቷል። አዋጁ ለማኅበሩ የሰጣቸው ሥራዎች ብዙዎቹ የውሃ አባት ቀድሞ ሲሠራቸው የኖራቸው ናቸው። ልዩነቱ በስፋቱ ላይ ነው። የውሃ አባቱ የሚያውቃቸውን ጥቂት አሥር ጎረቤቶች ያስማማል፤ በርብ የሚቋቋመው ማኅበር ግን በቀበሌ፣ አንዳንዴም በወረዳ የተለያዩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ማስማማት አለበት። የአካባቢውን ሥርዓት ሳይንቅ ወደዚህ ስፋት ማሳደግ ከምህንድስናው የማያንስ ሥራ ነው።

የውሃ ሞተሩ ዘመን

ቦይ እስኪመጣ ገበሬው እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከ1990ዎቹ ወዲህ የውሃ ሞተር በርብና በጉማራ ዳርቻ ተስፋፋ። አቅም ያለው ይገዛል፣ ሌላው ይከራያል ወይም በጋራ ይጠቀማል። ከሩዝ በኋላ ሽንኩርትና ቲማቲም መትከል የተለመደ ሆነ፤ የወረታ ሽንኩርት በሩቅ ገበያ ይሸጣል። የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የወልድያ መንገዶች ወረታ ላይ መገናኘታቸው ለዚህ ዋና እገዛ ነው። የመስኖ ትርፍ በማሳ ብቻ አይወሰንም፤ ምርቱ ሳይበላሽ ገበያ የሚደርስበት መንገድም አካሉ ነው።

ሞተሩ የመጣው ግን ያለ ውሃ አባት ነው። በወንዙ ዳር ያለው ሁሉ በየፊናው ሲስብ ርብ በደረቁ ወራት ጣና ሳይደርስ የሚቋረጥባቸው ጊዜያት መጡ። ሸሸርና ወላላ የተባሉት ረግረጎች፣ ለከብት ግጦሽና ውሃ፣ ለወፎች መጠለያ የነበሩት፣ ውሃቸው ለሽንኩርት እየተሳበ፣ ዳርቻቸው እየታረሰ እጅግ ተመናምነዋል። ረግረጉ የክረምቱን ጎርፍ ይዞ ቀስ እያለ የሚለቅ የተፈጥሮ ማጠራቀሚያ ነበር፤ እርሱ ሲጠፋ ጎርፉም ድርቁም ይብሳል።

በሰንሰለቱ ላይኛው ጫፍ ያለው ጉናም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለም። ተራራው ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ዳገቶቹ ለረጅም ዘመን ታርሰዋል። በአማራ ክልል ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ በበጋ በሕዝብ ጉልበት የሚሠራው እርከንና የተፋሰስ ሥራ ለግድቡ ዕድሜ ቀጥተኛ ትርጉም አለው። በፋርጣ ወረዳ ዳገት ላይ የቀረ አፈር በርብ ግድብ ውስጥ የማይረጋ ደለል ነው። የላይኛው ገበሬ የሚሠራው እርከን ለታችኛው ገበሬ ውሃ ያቆያል፤ እስካሁን ግን ከታች የሚገኘው ጥቅም ለላዩ የሚደርስበት ሥርዓት አልተዘረጋም። ይህ ፍትሕ የጎደለው ክፍተት ነው፤ ሊሞላም ይገባል።

ከመዝገቡ የሚወጣው ፍርድ

ከ1956 ዓ.ም. ጥናት ጀምሮ ያለው መዝገብ የፎገራ ችግር የውሃ እጥረት፣ የመሬት እጥረት ወይም የገበሬ ስንፍና ነበር የሚል ድምዳሜ አይፈቅድም። ጥናቱ ስለ ሜዳው አቅም ትክክል ነበር። ገበሬው በበኩሉ ከመንግሥት የወረሰውን የሩዝ ዘር ያለ መንግሥት አቆይቶ አስፋፍቷል፤ ሞተሩን ገዝቶ የበጋ ገበያ ፈጥሯል። የጎደለው በሁለቱ መካከል ያለው ነው፤ ከግድብ እስከ ማሳ ያለው ቦይ፣ ከሕግ እስከ ውሃ ተራ ያለው ማኅበር፣ ከጉና እስከ ረግረጉ ያለው ስምምነት። ትልቁ ሥራ ሪባን ተቆርጦለት በይፋ ሲመረቅ፣ ትንሹ ሥራ በጀቱም ትኩረቱም አልበቃውም።

ስለዚህ የፎገራ መስኖ እድገት ከእንግዲህ የሚለካበት መለኪያ መለወጥ አለበት። ግድቡ የያዘውን ሚሊዮን ሜትር ኩብ መቁጠር አይበቃም። በመጋቢት ወር በቦዩ ጫፍ ያለው ገበሬ በተራው ቀን ውሃ አግኝቷል ወይ? ቦዩን በዓመቱ የጠረገው ማኅበር የራሱን መዋጮ ይዟል ወይ? በነሐሴ ከማሳው የሚወጣው ውሃ መውጫ አለው ወይ? ርብስ ጣና ይደርሳል ወይ? የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ሚኒስቴሩና የተፋሰሱ ባለሥልጣናት በየዓመቱ እነዚህን አራት ጥያቄዎች በቀበሌ ደረጃ መዝግበው ለሕዝብ ቢያሳውቁ፣ ከእነርሱ በኋላ የሚመጣ ታሪክ ጸሐፊ ከግድቡ ቁመት የተሻለ ማስረጃ ይኖረዋል፤ የፎገራ ገበሬም ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በስሙ ሲጻፍ የኖረውን ውሃ በእጁ ያገኛል።